እምዬ አላልኩም

ማሽኑ የሞተው መምህርቷ ክፍልፋይ እያስተማረች ሳለ ነው። «ታችኛው ቁጥር ዜሮ ከሆነ» አለና ሊያስነጥስ እንደሚቃጣው ሰው ትንሽ ተንተፋተፈ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ከዚያ ጭጭ አለ። ተማሪዎቹ ሆን ብላ ያቆመችው መሰላቸው፤ ጥያቄ ስትጠይቅ እንዲህ ዓረፍተ ነገሩን አንጠልጥላ መተው ትወድ ነበርና። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ትርጉም የለውም!» ብላ መለሰች። መምህርቷ ልክ ነሽ ለማለት ራሷን ነቀነቀች። ቀጥላ ጠመኔ አነሳች፣ «የቀረውን ራሳችሁ ጨርሱት፤ ማንም እንዳይንጫጫ» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፣ ማሽኑን በሹራቧ ጠቅልላ አቅፋ ወጣች።

ድምፅዋን ያጣችው ልጇ ገና ሲድህ ነው። ሐኪሞቹ ከጉሮሮዋ በሽታውን ሲያወጡ ድምፅዋንም አብረው አወጡት። ያኔ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «እንግዲህ ማስተማሩ ቀረ፤ ዝም አይነቅዝም፣ አርፈሽ ልጅሽን አሳድጊ» ሲላት ወረቀት ስባ «ዝም አይነቅዝም የሚለው ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው ነው» ብላ ጻፈችላቸው። ከዚያ ጠያይቃ ጠያይቃ፣ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ለመናገር የተሳናቸው ሰዎች የሚናገሩበት ማሽን የሚሠሩ ሁለት መሐንዲሶች አገኘች። የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳጥን ነው። ከላዩ የፊደል ቁልፎች አሉት፣ ከፊቱ ስፒከር አለው። የጻፉትን ይናገራል።

የድምፁ ነገር አይነሳ። የወንድ ይሁን የሴት አይለይም። ሲሚንቶ ወለል ላይ ከባድ አግዳሚ ወንበር የሚጎተት ይመስላል። ከፍ ዝቅ አያውቅም፤ ቀልዱም፣ ቁጣውም፣ «ነፍስ ይማር»ም በአንድ ዜማ ነው የሚወጣው። ተማሪዎች «ቆርቆሮ» ብለው ሰየሟት። ሰማች። ከዚያ ወዲህ ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ክፍል ገብታ መጀመሪያ የምትናገረው ይህንን ነበር፦ «ስሜ ቆርቆሮ ነው። ከኋላዬ ከምትሉኝ ከፊቴ በሉኝ።» ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ይበላት!

ልጇን ያሳደገችውም በዚያው ድምፅ ነው። «እሹሩሩ» ያለችውም፣ «ና ወደዚህ» ያለችውም በሱ ነው። ልጁ አድጎ፣ ሚስት አግብቶ፣ ጎልማሳ ሆኖ እንኳ መንገድ ላይ ብረት ሲጎተት ከሰማ ደንግጦ ዞር ይላል።

ሚስቱ፣ ማለትም ምራቷ፣ አጭር ሴት ናት። መጀመሪያ ቀን ለትውውቅ ስትመጣ ማሽኑ «ልጄ ረጅም ሴት ነው የማገባው ይለኝ ነበር» አላት። ቀልድ ነበር። ድምፁ ግን ቀልድነቱን አልነገራትም። ምራቷም ነገሩን በሆዷ ያዘች፣ አማቷም ፈገግ ያላለችላትን ልጅ «ኩሩ ናት» ብላ ተወቻት። ሆድና ጀርባ ሆኑ እንኳ አይባልም፤ ሰላምታቸው ግን ከአንገት በላይ እንደሆነ ቀረ።

መምህርቷ የሞተውን ማሽን የወሰደችለት የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሳጥኑን ከፍቶ ገና ሲያየው ከንፈሩን መጠጠ። «ቦርዱ አሯል። ይሄንን የሚሠራ ሰው የለም። የሠሩት ሰዎችም አንዱ አርፏል፣ አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም።» ደህና የተረፈው ፕሮግራሙና ድምፆቹ ያሉበት ቺፕ ብቻ ነበር። እሱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ አዲስ ስልክ ይዞ መምህራን ማረፊያ ድረስ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁሉን ነገር ቶሎ አሳምሮ መዝጋት የሚወድ ሰው ነው። «ይኸውልዎ ቲቸር፣ ዘመናዊ ነው! ይጻፉበትና ይስሙት» አላት። ጻፈች። ከስልኩ የወጣው ድምፅ የወጣት ሴት ነው፤ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ይመስል፣ ፈገግታው የሚሰማ። መምህራኑ ሁሉ «ውይ ሲያምር!» አሉ።

ክፍል ውስጥ ግን ጉድ ፈላ። ልጆቹ ድምፁን እንደ ማስታወቂያ ሰምተው ወሬያቸውን ቀጠሉ። አንዱን ረባሽ «ውጣ» ስትለው ድምፁ ግብዣ እንጂ ትእዛዝ ስላልመሰለው እዚያው ተቀምጦ ቀረ። ኋላ ላይ እንኳ «እኔን መሆኑን አላወቅኩም ቲቸር» አላት፣ ከልቡ።

ሳምንት ሳይሞላው ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራት።

«ቲቸር፣ ይረዱኛል። ወላጆች ድሮም በማሽኑ ድምፅ ያጉረመርሙ ነበር። አሁን ደግሞ ክፍሉ ይረበሻል አሉ። እኔ ያሰብኩት መጽሐፍ ቤቱን እንዲይዙልን ነው። ደመወዝዎ አይነካም፣ ዕረፍትም ነው። እርስዎ ደግሞ ለፍተዋል።»

መምህርቷ ሦስቱን ፊደላት ጻፈችና ነካችው። ስልኩም «እም…ቢ!» አለ፤ እየተቅለሰለሰ፣ መጨረሻውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ።

ርዕሰ መምህሩ ሳቀ። «ዛሬስ ጨዋታ ላይ ነዎት!» አለና ወረቀቶቹን ሰበሰበ። «እንግዲያው ከኮሚቴው ጋር ሆነን በሚቀጥለው ሳምንት እንጨርሰዋለን።»

ከቢሮው ስትወጣ ቆሽቷ አሮ ነበር። ሰው «እምቢ» ብሎ እንዴት ይሳቅበታል? ቢከራከራት ኖሮ ባልከፋት፣ ቢቆጣትም ባልከፋት። ሳቁ ነው ያንገበገባት። ቀጥታ ወደ ቤቷ አልሄደችም። አውቶቡስ ይዛ ምራቷ መሥሪያ ቤት ሄደች፤ ደርሳበት የማታውቀው ቦታ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ከጎማ መሸጫ በላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ግድግዳውን ታኮ የተደረደሩት የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ሣጥኖች ሆዳቸው ተከፍቶ ሽቦአቸው ተንጠልጥሏል። እዚያ የሚሠራው ሥራ የሞቱ ማሽኖችን ማስነሳት ነው። የአንድ ፋብሪካ አሮጌ ኮምፒውተር ሲሞት፣ ፋብሪካው ፕሮግራሙን በሙሉ መጣል አይፈልግም። ስለዚህ እነሱ አዲሱን ኮምፒውተር እንደ አሮጌው ሆኖ እንዲያስብ የሚያደርግ ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ ኢሙሌተር ይሉታል። አሮጌው ፕሮግራም ቤቱ እንደተቀየረ እንኳ ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል።

ምራቷ ቀና ስትል አማቷ በሹራብ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። ደንግጣ ተነሳች። «እማማ! ምነው፣ ደህና?»

መምህርቷ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ነጭ ሰሌዳ ሄደች፤ ባዶ ቦታ ፈልጋ «ይህን አስነሺልኝ» ብላ ጻፈች።

«ስልኩ አልተስማማዎትም እንዴ? ጥሩ ድምፅ አለው ሲሉ ሰምቼ…»

«ስልኩ ጨዋ ነው። እኔ አይደለሁም።»

ምራቷ ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። ከዚያ ምን እንደገፋፋት ሳታውቅ እውነቷን ተናገረች። «እማማ፣ አይቆጡኝና፣ የማሽኑ ድምፅ እኮ አስቀያሚ ነው።»

መምህርቷ አላመነታችም። «አውቃለሁ። የኔ ነው» ብላ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት።

ምራቷ ሹራቡን ፈታች። ያረረውን ቦርድ አገላብጣ አየችው፣ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር በመብራት አነበበች። ፕሮሰሰሩ አንድ የክር ፋብሪካ ላይ ያገኙት ዓይነት ነው። የሱ ኢሙሌተር በእጃቸው አለ።

አለቃዋን ፈቃድ ጠየቀችው። ይህ ሰው «ፈጥኖ ደራሽ» ነው የሚባለው፤ የሚንቀራፈፍ ፕሮግራም ሁሉ እሱ እጅ ከገባ ይበራል። እኩያዋ ነው፣ አንተ ትለዋለች፤ አለቃነቱ ግን አለቃነት ነው።

«ለአንድ ሳጥን?» አላት።

«ለአማቴ።»

«አማቴን አልወዳትም ስትዪ አልነበር?»

«መውደድ እዚህ ውስጥ ምን ዶለው?»

ሳይወድ በግድ ፈቀደላት።

ሥራው መጀመሪያ ላይ ቀንቷት ነበር። ቺፑን አነበበችው፣ ፕሮግራሙን ኢሙሌተሩ ውስጥ አስገባችው፣ የድሮውን ሳጥን ቁልፎች ከአንዲት የእጅ መዳፍ ከምታህል ኮምፒውተር ጋር አገናኘች። መምህርቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልጇ ቤት መጥታ ምግብ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። ሽቦው እንደ አንጀት በተዘረገፈበት ሳጥን ላይ ጣቶቿን አኖረች።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ ሳጥኑ።

ልጇ ከጓዳ ሳህን ይዞ እየመጣ ነበር፤ ባለበት ቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እማዬ…» አለ፣ ሌላ ነገር መጨመር አቃተው።

እሷ ግን ለእንባ ጊዜ አልነበራትም። የመጣችበትን ቃል ጻፈች።

«እምዬ» አለ ሳጥኑ።

እንደገና ጻፈች።

«እምዬ።»

ልጇ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እማዬ፣ እናትሽ ገና ዛሬ ትዝ አለችሽ?»

መምህርቷ ቁልፎቹን ቀጠቀጠቻቸው። «እምዬ አላልኩም» አለ ሳጥኑ፣ ጥርት አድርጎ።

ሌላ ሌላውን ሞከሩ። አብዛኛው ደህና ነው። «ስምንት» ደህና ነው። «ዘጠኝ» ሲሉት ግን «ዘጠና» ይላል። የሒሳብ መምህርት ዘጠኝን ዘጠና እያለች ክፍል ልትገባ ነው! «ተሳስታችኋል» ደግሞ «ተሳስታ» ድረስ በሰላም ሄዶ መጨረሻው ላይ ያፏጫል።

«ምን ችግር አለው?» አለ ልጇ ሳቁን ጨርሶ። «እምቢን ተይውና አይሆንም በይ። አይሆንም ጥሩ ነው የሚወጣው፣ ስሚው።»

መምህርቷ ረጅም ነገር ጻፈች። ሳጥኑ ያለ ቁጣ፣ ያለ ዜማ፣ እንደ ወትሮው አነበበው። «አይሆንም የሚባለው ለነገር ነው። እምቢ የሚባለው ለሰው ነው።»

ምራቷ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኗን አንስታ አማቷን አየቻት። ይህቺን ሴት ከዚህ በፊት በደንብ ያየቻት አልመሰላትም።

መጀመሪያ ልጥፍ ሞከረች፤ የስህተቱን ምንጭ ሳይነኩ ላዩን ብቻ መጠገን ማለት ነው። ሁለቱ መሐንዲሶች ቃላቱን የቀዱት በቁርጥራጭ ነው፤ እንደ «እሺ»፣ «እምቢ»፣ «ዘጠኝ»፣ «ጌታዬ» ያሉ ቶሎ ቶሎ የሚነገሩትን ግን ሙሉውን ቀድተዋቸዋል። ምራቷ የ«እምቢ»ን ቅጂ ወደ ሌላ ቦታ አሸጋሸገችው። እምቢ ዳነ፤ እስከዚያ ድረስ ጤነኛ የነበረው «እሺ» ታመመ። አጭር ብርድ ልብስ ሆነባት፤ ራስ ሲሸፍኑት እግር ይገለጣል። ልጥፉን አነሳችው።

ከዚያ የ«እምቢ»ን ድምፅ በመስመር ሥላ አየችው። «እም» የሚለው መጀመሪያው ራሱ ነው፣ እንከን የለውም። ድንገት፣ በምላጭ እንደተቆረጠ፣ ሌላ ድምፅ ይቀጥላል። የተቀጠለውን ለብቻው አሰማችው። «ዬ» አለ። ይህቺ «ዬ» ከየት መጣች? በ«ዬ» የሚያልቁትን ቃላት አንድ በአንድ አስነገረቻቸው። የ«ጌታዬ» ጭራ ናት፤ መስመሩ በመስመሩ ላይ ልክክ አለ። የ«ዘጠኝ»ንም ጭራ ፈለገች። እሱ ደግሞ «ደህና» ላይ የነበረ «ና» ሆኖ ተገኘ።

ጮክ ብላ «አገኘሁሽ!» አለች።

መምህርቷ ከጎኗ ተቀምጣ ደብተር እያረመች ነበር። «አስረጂኝ» አለች በሳጥኑ።

«እማማ፣ ትንሽ የተወሳሰበ ነው…»

«ሳይገባኝ አልሄድም።»

ምራቷ ወንበሯን አዞረች። «እሺ። ፕሮግራሙ ሜሞሪውን የሚያየው በገጽ በገጽ ተከፍሎ፣ በተራ እንደተቀመጠ አድርጎ ነው። እውነቱ ግን ገጾቹ ተበታትነው ነው ያሉት። የትኛው ገጽ የት እንዳለ የሚናገር ሰንጠረዥ አለ። ፕሮሰሰሩ አንድ አድራሻ ሲይዝ ሰንጠረዡን ጠይቆ ወደ እውነተኛው ቦታ ይተረጉመዋል። እንዴት ልበልዎ… እናንተ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ሀ የት ነው?»

«አሮጌው ሕንፃ፣ ምድር ቤት።»

«ሰባተኛ ለስ? ከጎኑ?»

«ጣሪያው ሲያፈስ ወደ ሜዳው ማዶ ወሰድናቸው። ከጎኑ ያሉት ሁለተኛ ክፍሎች ናቸው።»

«ይኸው! እምቢ የሚለው ድምፅ ረጅም ስለሆነ ግማሹ አንድ ገጽ ላይ፣ ግማሹ ቀጣዩ ገጽ ላይ ነው ያረፈው። ቀጣዩ ገጽ ደግሞ ከጎኑ አይደለም፣ ሜዳው ማዶ ነው። ከጎኑ ያለው የጌታዬ ጭራ ነው።»

መምህርቷ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ጣቶቿ ፈጠኑ። «ስለዚህ ትምህርት ቤቱን የማያውቅ ተተኪ መምህር በር ላይ አንዴ ጠየቀ። ሰባተኛ ሀን አገኘ። ሰባተኛ ለን ሲፈልግ ግን ሳይጠይቅ ጎረቤት ክፍል ገባ።»

«በትክክል! ገጹን ሲሻገር እንደገና መጠየቅ ነበረበት። ድምፁን ሲገለብጥ መጀመሪያውን ብቻ አስተርጉሞ፣ የቀረውን ዝም ብሎ ወደፊት ነው የሄደው።»

«ማነው ይሄ ሰነፍ?»

ምራቷ ኮዱን ወደ ላይ ገፍታ የጻፈውን ሰው ስም አየች። «አለቃዬ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ለፈጥኖ ደራሽ አሳየችው። በደንብ አላየውም። «ይሄ ኮድ ስንት ፋብሪካ እያስኬደ ነው? አንዱም ጠይቆን አያውቅም። የተቃጠለው ያማትሽ ቺፕ ነው።»

«ቺፑን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አንድ ፊደል አልተለየም። ፋብሪካዎቹ ላይ ያልታየው ዕቃቸውን ከገጹ መጀመሪያ ጀምረው ስለሚያስቀምጡ ነው፤ ገጽ የሚሻገር የላቸውም። ሁለቱ መሐንዲሶች ቦታ አጥሯቸው አጠጋግተው ነው የደረደሩት።»

«እንግዲያው ለሷ ለብቻ ቅጂ ሥሪላት። የጋራውን ኮድ እንዳትነኪ። ለእያንዳንዱ ገጽ ሰንጠረዥ እየጠየቅን ፋብሪካ አናዘገይም።»

እዚህ ላይ ነገሩ ሊያልቅ ይችል ነበር። ለብቻ ቅጂ ሠርታ ለአማቷ ብትሰጥ ማንም አይከፋም ነበር። እሷ ግን ከወንበሩ አጠገብ ንቅንቅ አላለችም።

«ስህተቱ የአማቴ ማሽን አይደለም፤ የኛ ነው። እሷ ጋ ስለጮኸ ሰማነው እንጂ ሌላም ቦታ አለ።»

«አትንኪው አልኩ እኮ።»

«እምቢ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷንም አስደነገጣት። «ይቅርታ፣ አልችልም» ማለት ትችል ነበር፤ «አይመስለኝም» ማለትም ነበረ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ቁልፍ መምታታቸውን አቆሙ። ከታች ጎማ የሚነፋው ማሽን ብቻ ይሰማል። ፈጥኖ ደራሽ ቀስ ብሎ ወንበሩን አዞረ።

«እምቢ?»

«እምቢ። ብትፈልግ አባረኝ፣ ትክክል ነው ግን እንዳትለኝ።»

ተፋጠጡ። በመጨረሻ «አንድ ፋብሪካ አሳዪኝ» አለ። «አንድ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። ካላገኘሽ ግን ቃሉን መልሰሽ ትውጪዋለሽ።»

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ጥርሷን ነክሳ በእጃቸው ያሉትን ፕሮግራሞች ስትበረብር ዋለች። የክሩ ንጹሕ ነው። የወረቀቱም ንጹሕ ነው። የጠርሙሱም። ባልደረቦቿ በአጠገቧ ሲያልፉ እንደ ለቅሶ ቤት ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር። የቀለም ፋብሪካው ላይ ስትደርስ ግን አንድ የቡናማ ቀለም ቅመም አገኘች፤ ዝርዝሩ አንድ ገጽ ላይ ጀምሮ ሌላው ላይ ያልቃል። አስኬደችው። ኢሙሌተሩ ቡናማውን ግማሽ ድረስ በሥርዓት ቀላቅሎ፣ የቀረውን ከሌላ ቀለም ላይ አንብቦ፣ ማቅጠኛውን በበርሜል አዘዘ። ያንን ቡናማ እስካሁን ያዘዘ ደንበኛ ባለመኖሩ ነው የተረፉት።

ሳትናገር ስክሪኑን አዞረችለት። ፈጥኖ ደራሽ አነበበው፣ እንደገና አነበበው፣ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ለዚህ ሰው ይቅርታ መጠየቅ ማለት እንዲህ ነው።

«መጀመሪያ ይሻገር እንደሆነ እንፈትሽ» አለ። «ካልተሻገረ በድሮው መንገድ ይሩጥ። ከተሻገረ ድንበሩ ላይ ቆርጠን፣ ቀጣዩን ገጽ ጠይቀን እንቀጥላለን። ይሄ አያዘገይም።»

«እኔም እሱኑ ነበር የጻፍኩት፤ አላየህልኝም።»

«አሁን አየሁት በቃ።»

አንድ ላይ ጨረሱት። የቀለሙ ቡናማ ቡናማ ሆነ። ለፋብሪካዎቹ ሁሉ የታረመው ኮድ ተላከ፤ የቀለም ፋብሪካውን ፈጥኖ ደራሽ ራሱ ደውሎ አስጠነቀቀ።

ምራቷ ትንሿን ኮምፒውተር በድሮው ሳጥን ሆድ ውስጥ አስገብታ፣ ክዳኑን አጥብቃ፣ አማቷ ቤት ይዛላት ሄደች። መምህርቷ መጀመሪያ ከዜሮ እስከ ሃያ አስቆጠረችው። ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነ። «ተሳስታችኋል» አስባለችው፤ አላፏጨም። ከዚያ «እምቢ» አለች። የስፒከሩን መጠን ዝቅ አድርጋ «እምቢ» አለች፣ ከፍ አድርጋ «እምቢ» አለች። ጎረቤት በሩን ከፍቶ «ሰላም ነው?» አለ።

«ሰላም ነው» አለ ሳጥኑ።

ሁለቱ ሴቶች ተያይተው ሳቁ፤ አንዷ በድምፅ፣ አንዷ ትከሻዋን እያንቀጠቀጠች። ምራቷ በዚያች ሰዓት ያንን የቁመት ነገር አነሳችባት። መምህርቷ ዓይኗ ፈጠጠ። «ቀልድ ነበር እኮ» አለ ሳጥኑ፣ ስድብ በሚመስል ድምፅ።

ዓርብ ዕለት ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ርዕሰ መምህሩ፣ አንድ የመምህራን ተወካይ፣ አንድ የወላጆች ተወካይ። የወላጆች ተወካዩ ራሱ በልጅነቱ እሷ ዘንድ የተማረ ነጋዴ ነው። መምህርቷ ሳጥኗን ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠች።

«ውይ፣ ስልኩስ ቲቸር?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«መሳቢያዎ ውስጥ ነው። አመሰግናለሁ።»

ድምፁን ሲሰማ የወላጆች ተወካዩ ሳያስበው ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ተቀመጠ።

ርዕሰ መምህሩ የመጽሐፍ ቤቱን ነገር ዘረዘረ። ጸጥታውን፣ ዕረፍቱን፣ አዲስ የሚገዛውን መደርደሪያ አነሳ። አሳምሮ ተናገረ። ሲጨርስ «እንግዲህ እዚህ ላይ ቢፈርሙልን» ብሎ እስክሪብቶ አቀረበላት።

«እምቢ» አለ ሳጥኑ።

ማንም አልሳቀም። እስክሪብቶው በእጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ም… ምክንያትዎን ብናውቀው?»

«ምክንያት የሚጠየቀው የሚያነሳኝ ሰው ነው። የተማሪዎቼን ውጤት ይዩ። ድምፄ የሚከብደው ወላጅ ካለ ክፍሌ ይምጣ፤ ከኋላ ባዶ ወንበር አለ።»

«ቲቸር፣ እንዲህ ከሆነ ለበላይ ለመጻፍ እገደዳለሁ።»

«ይጻፉ። ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መጻፍ አያስፈራኝም።»

የመምህራን ተወካዩ ወደ መስኮቱ ዞሮ ፈገግታውን ደበቀ። የወላጆች ተወካዩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔ በበኩሌ የሚያስፈርማቸው ነገር አይታየኝም» አለ። ስብሰባው ያለ ፊርማ ተበተነ።

ርዕሰ መምህሩ እንዳለው ለበላይ ጻፈ። ከበላይ የመጣው መልስም እንዲህም እንዲያም ያልሆነ ነው፤ መምህርቷ በቦታዋ ትቆይ፣ ክፍሎቿ ግን በግማሽ ይቀነሱ፣ ድምፁም በባለሙያ ይገምገም ይላል። እሷ ግማሹንም አልተቀበለችም። የተቀነሱባትን ክፍሎች በሰዓታቸው እየገባች ታስተምራለች፤ የተመደበው ወጣት መምህር መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ኋላ ከኋላው ወንበር ተቀምጦ ያዳምጣል። የድምፅ ባለሙያ የተባለው ሰው አንድ ቀን መጥቶ፣ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ አዳምጦ፣ «ይሰማል» የሚል አንድ ቃል ጽፎ ሄደ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ባለፈው ምራቷ ቤቷ ሄዳ ሳለ፣ ለበላይ የሚላከውን አዲስ መቃወሚያ እያነበበችላት ነበር። ሦስት ገጽ ነው፣ አንድ ቦታ እንኳ «በትሕትና» አይልም።

«እማማ» አለቻት፣ «አይደክምዎትም?»

መምህርቷ መነጽሯን አወለቀች፣ ዓይኗን አሸችው፣ ሳጥኑን ወደ ራሷ ሳበች።

«ይደክመኛል» አለ ሳጥኑ። «ነገ ግን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ ነው።»